ከራሴ መደርደሪያ ያጣሁት መድኃኒት

ሕመሙ የጀመረኝ በጥቅምት መጨረሻ ነው። ሽንቴን ስሸና ያቃጥለኛል፤ ጨርሼ ከተመለስኩ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ መልሶ ያጣድፈኛል። እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ማውራት ሴት ልጅን ያሳፍራል። ለባለቤቴ ለአዲሱ እንኳ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን የምጽፈው እንደኔ አፍራ ዝም ያለች አንዲት ሴት ብታነበውና ጊዜ ሳታጠፋ ብትመረመር ብዬ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን እንዳልናገር ግን ከማፈርም የባሰ ነገር ይዞኝ ቆይቷል።

ታንጉት እባላለሁ። ብቸና ውስጥ መድኃኒት ቤት አለኝ። ሙያውን ተምሬዋለሁ፣ ፈቃድም አለኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ ማቃጠሉ ሲጀምረኝ ሐኪም ዘንድ መሄድ አላሰኘኝም። ወንበር ላይ ወጥቼ ከመደርደሪያው ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ አወረድኩና መዋጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ። ዳንኩ ብዬ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ለሰው ሲሆን “እስኪያልቅ ዋጠው” እላለሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሁልጊዜ አልልም ነበር። ገበያተኛው “አራት ፍሬ” ካለኝ አራት እቆርጥለታለሁ፤ “ሁለት ይበቃኛል” ካለም ሁለት። የሐኪም ማዘዣ የምጠይቀው ተቆጣጣሪ የሚመጣ ሲመስለኝ ብቻ ነበር። እኔ ብከለክለው ጎረቤቴ ይሸጥለታል እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ሕመሙ ተመለሰ። በዚህኛው ግን ከማቃጠሉ ጋር ብርድ ብርድ ይለኛል፣ የቀኝ ጎኔንም ከጀርባ በኩል ይወጋኛል። ባክትሪም ሞከርኩ፣ ቀጥዬ አሞክሲሲሊን። አንዱ ሲያስታግሰኝ እተወዋለሁ፤ ሲመለስብኝ ሌላውን አነሳለሁ። አዲሱ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ ነገር ደጋግሞ የመጠየቅ ልማድ አለው።

“ምን አገኘኝ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ የምትውጪው?” አለኝ አንድ ቀን።

“የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው።”

“ማን መረመረሽ?”

“አዲሱ፣ እኔ ይሄ ሥራዬ ነው።”

“ሥራሽ መሸጥ ነው እንጂ መመርመር አይደለም” አለና ደብተሩን ይዞ ወጣ። ቃሉ ስላቆሰለኝ ሦስት ቀን ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። አማቴ ደግሞ በበኩላቸው ጸበል እንድገባ ለመኑኝ። እኔ ወደ ጸበሉም ወደ ሐኪሙም ሳልሄድ ኅዳር አለቀ።

በመጨረሻ ትኩሳቱ ሲብስብኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ደሜን ወስደው “ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ” አሉኝ። በኛ አካባቢ ትኩሳት ይዞት የሄደ ሰው እነዚህን ሁለት ስሞች ሳይሰማ የሚመለስ ጥቂት ነው። ሽንቴን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አፍሬ አልነገርኳቸውም። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ አዘዙልኝ። ለአምስት ቀን ተወጋሁ፤ ለአንድ ሳምንት ሰው ሆንኩ፤ ከዚያ እንደገና ወደቅሁ። ሌላ ቦታ “ጨጓራ ነው” ተባልኩ። ሌላኛው ጋ በአልትራሳውንድ አይተው “ኩላሊትሽ ላይ አሸዋ አለ፣ ውሃ ጠጪ” አሉኝ። ውሃውን እየጠጣሁ፣ ማስታገሻ እየዋጥኩ፣ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፌ መድኃኒት መሸጤን ቀጠልኩ።

ጥር ላይ በአንድ የገበያ ቀን ለአንድ ሴትዮ የሳል ሽሮፕ ላቀብል ስል እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ጠርሙሱ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜ የሴትዮዋን “ኧረ የሰው ያለህ!” የሚል ድምፅ ስሰማ ነው።

የዚያኑ ዕለት ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ከሞጣ ደወለች። እሷ እዚያ አስተማሪ ናት፤ አዲሱ ነበር የነገራት።

“ነገ ጠዋት መኪና ካልተሳፈርሽ መጥቼ አንጠልጥዬሽ ነው የምሄደው” አለችኝ።

“እታለም፣ ሰው ምን ይለኛል? መድኃኒት የምትሸጠዋ…”

“ስትሞቺስ ምን የሚልሽ ይመስልሻል?”

በማግስቱ እኔና አዲሱ ሚኒባስ ተሳፈርን። በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚያደርሰውን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጎኔን በቢላዋ የሚወጉኝ ይመስለኛል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ቄስ አይተውኝ ኖሮ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አቀበሉኝና “ከወገብሽ ሥር አድርጊው፣ ልጄ” አሉኝ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ እሳቸው በቀጭን ቀሚስ እስከ ሞጣ ደረሱ። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሆስፒታሉ ስንደርስ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። አንድ ሰው ሲጠራ ሁላችንም አንድ እርምጃ ያህል ፈቀቅ እንላለን። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ወደ አዲሱ ትከሻ ስዘም ከፊታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ካርዳቸውን ለነርሷ አሳይተው “እኔ እደርሳለሁ፤ ይቺን አስቀድሚያት” አሏት። የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ጎኔን በቡጢዋ ቀስ አድርጋ መታ ስታደርገኝ ጮኽኩ።

“ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊትሽ ወጥቷል” አለችኝ። “ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስደሻል?”

“ሲፕሮ።”

“ሌላስ?”

አዲሱ በዚያ ሰዓት ካርድ ሊያወጣ ወጥቶ ነበር። “ሌላ የለም” አልኳት። ሙያዬን ስትጠይቀኝም “ነጋዴ ነኝ” አልኩ።

በዚህ ውሸት ልሞት ነበር። ሐኪሟ የነገርኳትን አምና ያንኑ ብቸና ላይ የተወጋሁትን መርፌ ጀመረችልኝ። ትክክል ነበረች፤ እንደነገርኳት ከሆነ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለት ቀን ተሰጠኝ፤ ትኩሳቱ ግን ፈቅ አላለም። የደም ግፊቴ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴን “እማዬ” እያልኩ ስጠራት እንደነበር ነግራኛለች። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ጥሩወርቅ ያን ጊዜ ደጅ ወጥታ አልቅሳ ተመልሳለች።

ትንሽ ወደ ልቤ ስመለስ አልጋዬ አጠገብ ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ሰው ቆሞ አየሁ።

“ነጂብ እባላለሁ” አለኝ። “ሐኪም አይደለሁም። የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ነኝ፤ በዓይን የማይታዩ ጀርሞችን ነው የማጠናው። ጥናቴ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ፈቃደኛ ከሆኑ ሽንትዎን ወስጄ ጀርሙን አሳድጌ የሚገድለውን መድኃኒት እፈልጋለሁ። ፈቃደኛ ባይሆኑም ሕክምናዎ አይጓደልም።”

የጅማ ልጅ ነው፤ ለጥናቱ ሲል ሞጣ ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። ሰዉ ሁሉ “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱም በትዕግሥት “አይደለሁም” ይላል። እሺ አልኩት። ወረቀቱን አውጥቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ባለፉት ወራት ምን ምን መድኃኒት ወሰዱ?

እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። አዲሱ እግርጌ ቆሟል። ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ቆጠርኩለት፤ ሲፕሮውን፣ ባክትሪሙን፣ አሞክሲሲሊኑን፣ መርፌውን፣ የጀመርኩበትንና የተውኩበትን ቀን ሁሉ።

“ማን አዘዘልዎት?”

“እኔ። መድኃኒት ቤት አለኝ።”

“ታንጉት!” አለች እህቴ። አዲሱ ብርድ ልብሱን እግሬ ላይ አስተካከለው።

ነጂብ ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። “እዚህ የሚተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይደብቀኛል” አለኝ። “አይፈሩ፤ እኔ አልፈርድብዎትም። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር እናቴ ከሰፈር ሱቅ ሁለት አምፒሲሊን ትገዛልኝ ነበር። በፍቅር ነበር የምትገዛው። ይሄን አሁኑኑ ለሐኪሟ እነግራታለሁ።”

ሐኪሟ ስትመጣ ተቆጣችኝ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። እጄን ይዛ “ቀድመሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር። አሁንም ግን አልረፈደም” አለችኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ወዳለ ሌላ መድኃኒት ቀየረችልኝና የነጂብን ውጤት መጠበቅ ጀመርን።

የጀርም ምርመራው ካልቸር ይባላል። ናሙናው እንደ ምግብ በሚያገለግለው ነገር ላይ ተቀብቶ የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጀርሙ እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ቢያንስ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በዚያ ሳምንት ደግሞ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ነጂብ መጥቶ “ሳጥኑ ቀዝቅዞብኛል፤ አንድ ቀን ይታገሡኝ” ሲለኝ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር። ያንን ለመናገር መምጣት አይጠበቅበትም ነበር፤ ነርስ ሊልክ ይችል ነበር።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ይታይሽ የምትባል ወጣት ገበሬ ተኝታለች። በአጨዳ ጊዜ ማጭድ ቅልጥሟን ቆርጧት ቁስሉ አመርቅዞባት ነው። አገሯ ከብቸና ወጣ ብሎ ቢሆንም ወንድሟ ሞጣ ስለሚሠራ እዚህ አምጥቷታል። ያን ዕለት ትኩር ብላ ስታየኝ ቆየችና ፈገግ አለች።

“እትዬ፣ የብቸናዋ ባለ መድኃኒት ቤት አይደሉም?”

“ነኝ።”

“አወቅኩዎት! እግዜር ይስጥዎት። ያን ቀን ገበያው ተበትኖ፣ ቁልፉን ቆልፈው ሊሄዱ ሲሉ ደረስኩ። ለኔ ብለው መልሰው ከፈቱልኝ።”

አላስታወስኳትም። “ምን ሰጠሁሽ?” አልኳት።

“ያንን ቀይና ቢጫውን። አራት ፍሬ። ፈልቅቄ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት። ለጥቂት ቀን አድርቆልኝ ነበር።”

ቀይና ቢጫው ቴትራሳይክሊን ነው። ገጠሩ ሁሉ እየፈለቀቀ ቁስል ላይ እንደሚነሰንሰው አውቃለሁ። ለዚያ እንዳልተሠራም አውቃለሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ስትመርቀኝ ዋለች። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የተኛሁ መሰልኩ።

በማግስቱ ነጂብ ክዳኗ በፕላስተር የታሸገ ትንሽ ብርጭቆ ሳህን ይዞ መጣ። “እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ በዓይንዎ ይዩት ብዬ ነው” አለኝ። ውስጡ ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር ሞልቶታል፤ ጀርሞቼ ናቸው። በላዩ ላይ መድኃኒት የተነከሩ ክብ ክብ ወረቀቶች ተደርድረዋል። መድኃኒቱ ጀርሙን ከገደለው በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል፤ ካልገደለው ጭጋጉ እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይደርሳል።

ወረቀቶቹ ላይ የተጻፉትን የመድኃኒት ስሞች አንብቤ ለመረዳት የማንም እገዛ አላስፈለገኝም። ሲፕሮ፤ ጭጋጉ ደርሶታል። ባክትሪም፤ እንዲሁ። አሞክሲሲሊን። ብቸናም እዚህም የተወጋሁት መርፌ። አሥራ አራት ዓመት የተማመንኩባቸው፣ ለሰው ሁሉ የሰጠኋቸው፣ ጀርሙ እንደ ጎረቤት ተጠግቷቸው በቅሏል። ሐኪሟ በቀየረችልኝ መድኃኒት ዙሪያ ጠባብና የደበዘዘ ቀለበት አለ፤ ሰፊና ንጹሕ ቀለበት ያየሁት ግን ከዳር ባለች አንዲት ወረቀት ዙሪያ ብቻ ነው።

“ይሄ ሜሮፔነም ነው” አለ ነጂብ። “በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ይሄ ይሠራል።”

“መደርደሪያዬ ላይ የለም” አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም፤ እንባዬ ግን መጣ።

ሞጣ ውስጥም አልነበረም። በስልክ ሲፈለግ ባሕር ዳር ተገኘ። መንገዱ ግን በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። አዲሱ የሐኪሟን ማዘዣ ኪሱ ከቶ “እመጣለሁ” ብሎኝ ወጣ። ከሥራ በቀር የትም መሄድ የማይወድ ሰው ነው። በሞተር ሳይክል፣ በጭነት መኪና፣ የማይሆንበት ላይ በእግሩ እያለ በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን ሹራቡ ውስጥ ጠቅልሎ ሲገባ ጫማው ተቀዶ ነበር። እነዚያን ሦስት ቀኖች ያቆየኝ ሐኪሟ የቀየረችው መድኃኒትና የእህቴ ጸሎት ነው። አንዱን ከሌላው ልለይ አልችልም።

የመጀመሪያዎቹ መርፌዎች ምንም ለውጥ አላሳዩኝም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ግን ላብ በላብ ሆንኩ፤ አንሶላዬ ተጨመቀ። ጥሩወርቅ ደንግጣ ነርሷን ጠራች። ነርሷ ለካችኝና “ትኩሳቱ ለቀቃት” አለች። የእህቴን አጥሚት እስከ መጨረሻው ጠጣሁ። አዲሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር፤ ሊቀሰቅሱት ሲሉ ተዉት አልኩ።

መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ ሐኪሟ ካለችው አንድም ቀን ሳላጎድል ጨረስኩ። ልወጣ ስል ነጂብን “በጥናትህ ላይ ምን ብለህ ትጽፈኛለህ?” አልኩት።

“ስምዎ የለበትም። ቁጥር ነዎት” አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። “የእርስዎ ሳህን የመሰለ ሳህን ብዙ አለኝ፣ እትዬ ታንጉት። ለአንዳንዶቹ ቀለበት ያለው አንድ ወረቀት እንኳ አላገኘሁም።”

ይታይሽን አልጋዋ ላይ ትቻት ወጣሁ። ስሰናበታት ጉንጬን ሳመችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለነጂብ ስደውልለት እግሯ ከጉልበቷ በታች መቆረጡን ነገረኝ። ቁስሏ ውስጥ የነበረው ጀርም ለቀረቡለት መድኃኒቶች እጅ አልሰጠም፤ ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ የቀራቸው መንገድ እሱ ብቻ ነበር።

“በኔ ምክንያት ነው?” አልኩት።

“እንደዚያ ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም” አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ አልዋሸኝም። ስለዚህም አከብረዋለሁ።

ብቸና ተመልሼ ሱቄን ስከፍት ያለ ማዘዣ እነዚህን መድኃኒቶች መሸጥ አቆምኩ። አንዳንዱ ደንበኛ ተቆጥቶ ሄደ፤ አንዳንዱ “ሀብታም ሆነች” አለ። ያንን መቻል አላቃተኝም። ያቃተኝ የይታይሽ ምርቃት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ መንደሯን አጠያይቄ ሄድኩ። ባጃጁ የማይደርስበትን በእግሬ ተጓዝኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች፤ ምርኩዞቿ ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ስታየኝ ለመነሳት ሞከረች፤ ሮጬ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

“ይታይሽ፣ ያን ቀን የሸጥኩልሽ መድኃኒት ለቁስል የሚነሰነስ አይደለም። ቢዋጥም አራት ፍሬ አይበቃም ነበር። ይሄን እያወቅኩ ነው የሰጠሁሽ።”

እጇ ሽምብራው ላይ ቆመ። “እግሬን የወሰደው እሱ ነው?”

“አላውቅም። የሚያውቅም የለም። ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ ማለት ነበረብኝ።”

“ቢሉኝም አልሄድ ይሆናል። አጨዳ ላይ ነበርን።”

“ይሆናል። እኔ ግን አላልኩሽም።”

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አልሰደበችኝም። ይቅር ብዬዎታለሁም አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በመጨረሻ ወደ ታችኛው መንደር እያየች “እህቴ እዚያ ታች ነው ያለችው” አለችኝ። “ትንሿ ልጇ ያስላታል፤ ንፍጧም አልቆም ብሏል። መድኃኒት ልትገዛላት ወደ እርስዎ መምጣቷ አይቀርም። ምን ይሏታል?”

“ሳትመረመር አልሸጥላትም። ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ።”

“እንግዲያው ለገበያ ትመጣለች” አለችና ሽምብራዋን መልቀም ቀጠለች።

በገበያው ቀን መጣች፤ ልጅቱን በጀርባዋ አዝላለች። ሱቄን ዘግቼ አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ተራችን እስኪደርስ ተቀመጥን። ባለሙያው ልጅቱን አገላብጦ መረመራት፣ ደረቷን አዳመጠ፣ አተነፋፈሷን በሰዓቱ ቆጠረ።

“ጉንፋን ነው፤ ራሱ ይለቃታል። መድኃኒት አያስፈልጋትም” አለ። ትንፋሽ ካጠራት ወይም መጥባት እምቢ ካለች በፍጥነት እንድትመለስ መከራት።

ስንወጣ እናቲቱ ባዶ እጇን አይታ ወደኔ ዞረች።

“ምንም?” አለችኝ።

“ምንም” አልኳት። ልጅቱን አዝላ ወደ ገበያው ወረደች።